ልቤን ልብ ማለት ስጀምር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። የሰኔ ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል። ባለቤቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቷል። እኔ በግራ ጎኔ ተጋድሜ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ልቤ ቆመ።

ወይም የቆመ መሰለኝ። አንድ ምት ቀረ፤ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያ ደረቴን ከውስጥ በቡጢ እንደሚመታ ሰው «ድው» አድርጎ ተነሣ። ብድግ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና የእጄን አንጓ ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ባዶ። ድው። አንድ፣ ሁለት... ባዶ። ድው። እንዲህ ስቆጥር ነጋ።

ያን ሌሊት ያሰብኩት ስለ አባቴ ነው። አባዬ የሞተው በ54 ዓመቱ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ ሳለ ወደቀ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን ሆኖ ነው?» ሲል እናቴ «ልቡ ነው» ትላለች፤ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ በቤታችን ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። እኔም 22 ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም። አሁን 41 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ የአባቴን ልብ የወረስኩ መስሎኝ እንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም መልስ አለው

ለሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ሲመጣ ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። ስብሰባ ላይ ሳለሁ፣ ልጄን የቤት ሥራ ሳስጠና፣ ታክሲ ውስጥ፣ በተለይ ደግሞ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይመጣል። አንዳንድ ቀን አምስት ጊዜ፣ አንዳንድ ቀን ለሰዓታት። ደረጃ መውጣት ፈራሁ። ከመተኛቴ በፊት የባንክ ደብተሩና የቤቱ ካርታ የት እንዳሉ ለባለቤቴ መንገር ጀመርኩ። ይኼኔ ነው የነቃብኝ።

«አንቺ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት።

እሱ ሐኪም ቤት እንሂድ አለ። ሌሎቹ ግን ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት መልስ ነበራቸው። እናቴ «ብርድ ገብቶሽ ነው፤ ጀርባሽን አትሸፍኚም» አለችና ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጠችኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ «ጨጓራ ነው፤ ጋዙ ወደ ላይ ሲገፋ ልብ ይመስላል፤ እኔንም እንዲሁ ያደርገኛል» አለች። ታናሽ እህቴ «ጭንቀት ነው» አለች። ጎረቤቴ እትዬ ጸበል እንድጠመቅ መከሩኝ። ሁሉም በፍቅር ነው፤ ሁሉም ደግሞ እርግጠኛ ነው። እርግጠኛ ያልነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ቸኩሏል እንጂ አልቆመም

ያየኝ የልብ ሐኪም በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ። ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን ይጨመድድሻል? ትንፋሽ ያጥርሻል? በልጅነትሽ ጉሮሮሽን እየታመምሽ መገጣጠሚያሽ ያብጥ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ገረመኝ። በአገራችን የብዙ ሰው የልብ በሽታ ሥሩ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም መሆኑን አስረዱኝ። በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ኢንፌክሽን ሩማቲክ የሚባለውን በሽታ አስከትሎ የልብን ቫልቮች ያበላሻል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን የሰማሁ ዕለት ማታ የሁለቱንም ልጆቼን ጉሮሮ በባትሪ አየሁ።

ከዚያ «ከቤተሰብ በልጅነቱ ወይም በጎልማሳነቱ በድንገት የሞተ አለ?» አሉኝ።

«አባቴ። በ54 ዓመቱ።»

«ምን ነበር?»

«ልቡ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ልቡ ምን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ ኢሲጂ ተነሣሁ። ደረቴ፣ እጄና እግሬ ላይ ገመድ ተለጥፎ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወረቀት ወጣ። ልቤ በዚያች ሰዓት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ትመታለች! ጋራዥ ሲደርስ ድምፁን እንደሚያጠፋ መኪና ማለት ነው። ቀጥሎ ደም ሰጠሁ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲበዛ፣ ደም ሲያንስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲጎድሉ ልብ ምቷን ልትስት ስለምትችል እነዚህ ሁሉ ተመረመሩ። ከዚያ ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ተደረገልኝ። የልብ ግድግዳ ከልክ በላይ መወፈር በዘር ሊተላለፍና ለድንገተኛ ሞት ሊዳርግ ስለሚችል በአባቴ ምክንያት ይህን ማየት የግድ ነበር። ስክሪኑ ላይ የልቤ ቫልቮች እንደ ትናንሽ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ አየሁ። ግድግዳዎቹ ልክ ናቸው፤ ቫልቮቹም ደህና ናቸው።

የቀረው ሆልተር ነበር። ደረት ላይ ተለጥፎ አብሮ የሚውልና የሚያድር፣ እያንዳንዱን ምት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የፊዚክስ ሰው ከኖርማን ሆልተር ሲሆን፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ከ35 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። የኔው ከእጅ ስልኬ ያንሳል። 24 ሰዓት ይዤው ዋልኩ፤ አደርኩ። ትንሹ ልጄ «ሮቦት ሆንሽ?» አለኝ።

ውጤቱ መጣ። በ24 ሰዓት ውስጥ ልቤ ወደ 104 ሺህ ጊዜ መትታለች። ከዚህ ውስጥ 1,140 ምቶች ያለ ሰዓታቸው የመጡ ናቸው። ቁጥሩን ስሰማ ፊቴ ሳይቀየር አልቀረም፤ ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«ስሚኝ ልጄ። ልብሽ አልቆመም፤ ቸኩሏል። ከታችኛው የልብ ክፍል አንድ ምት ሰዓቱ ሳይደርስ ይመጣል። ያኔ ልብ ገና በደም ስላልሞላ ምቱ ደካማ ነው፤ አንጓሽ ላይ አይሰማሽም። ከዚያ ልብ ትንሽ ያርፋል፤ በዚያ እረፍት ብዙ ደም ይሞላና ቀጣዩ ምት ኃይለኛ ይሆናል። አንቺን የሚያስደነግጥሽ ያ ነው።»

22 ዓመት «ቆመ» የሚል ቃል ፈርቼ ኖሬያለሁ። «ቸኩሏል» የሚለውን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ዶክተሩ ቀጠሉ። ብዙ ጤነኛ ሰው ጥቂት እንዲህ ዓይነት ምት አለው፤ አብዛኛው አያውቀውም። የልብ አሠራሩ ደህና ከሆነና ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። የኔው 1 በመቶ ገደማ ነው። ከመቶው 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ውሎ አድሮ ልብን ሊያደክም ስለሚችል ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ምንም ሥርዓት የሚርገበገብበት። እሱ ደም እንዲረጋ አድርጎ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ሕክምናው የተለየ ነው። ሁለቱንም «ልቤ ይዘላል» ብሎ የሚናገር ሰው ሊኖር ይችላል። ለዚህ ነው በግምት ማደር የማያዋጣው።

«ታዲያ የኔ ምክንያቱ ምንድን ነው ዶክተር?»

«አልታወቀም» አሉኝ ሳያፍሩ። «የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፤ ካስቸገረሽ እንጀምራለን። ከዚያ በፊት ግን ደብተር ግዢ።»

ደብተሩ

ትእዛዛቸው ሦስት ነበር። በመጣ ቁጥር ወዲያው ጻፊ፤ ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ አትበይ። ምንም ያልመጣበትንም ቀን ጻፊ። የምትቀይሪውን ነገር አንድ በአንድ ቀይሪ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከተውሽ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ደብተር መያዝ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ገጹን በመስመር ከፋፈልኩ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ቡና፣ ውሃ፣ ምግብ፣ ምን እየሠራሁ ነበር። በአማርኛ አንድን ነገር አስተውል ለማለት «ልብ በል» እንላለን። 41 ዓመት ብዙ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ልቤን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ተከሳሽ ቡና ነበር። ከባለቤቴ ጀምሮ እስከ ጥበቃችን ድረስ ሁሉም ቡና ነው አለ። እኔም አመንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተውኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ራሴን ክፉኛ አመመኝ። ከራስ ምታቱ የባሰው ግን እሑድ ነው። እሑድ እሑድ ጉለሌ እናቴ ቤት እንሰበሰባለን። ቡናው ተቆልቶ ጢሱ ሲዞር እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። አቦሉ ሲቀዳ «አልጠጣም እማዬ» አልኩ። ሲኒውን እንደያዘች ቀረች።

«ቡናዬ ምን አደረገሽ?»

«አንቺ አይደለሽም እማዬ። ለልቤ ነው።»

ምንም አልመለሰችልኝም። ቶናውንም በረካውንም ዝም ብላ ቀዳች።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን አየሁ። ቡና በተውኩባቸው 14 ቀናት ልቤ የዘለለባቸው ቀናት 8 ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት 7 ቀናት ደግሞ 4። ለውጥ የለም። እናቴን ያስቀየምኩት በከንቱ ነው።

ለዶክተሩ ስነግራቸው ሳቁ። ነገሩ ያን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ነገሩኝ። የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 100 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት አንድ ቀን ቡና ጠጡ፣ ሌላ ቀን ተዉ እያሉ ምታቸውን መዝግበዋል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታትሟል። ቡና በጠጡበት ቀን ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡት ምቶች ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳዩም፤ ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ግን ጨምረዋል። ሰዎቹ ቡና በጠጡበት ቀን 1,000 ያህል እርምጃ ጨምረው ተራምደዋል፤ ሌሊቱን ግን 36 ደቂቃ ያህል ቀንሰው ተኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸው ሰዎች የየራሳቸውን ተጠርጣሪ ነገር በራሳቸው ላይ እንዲፈትኑ አድርጓል። ብዙዎቹ የጠረጠሩት ነገር ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም፤ በግልጽ ጎልቶ የወጣው አልኮል ነው።

«ስለዚህ ቡና አንዱን ያስቸግራል፤ ሌላውን አያስቸግርም» አሉኝ። «ዋናው ያንቺ ደብተር ነው።»

ቡናዬን መለስኩ። እሑድ አቦሉን ስቀበል እናቴ ፊት ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም።

ደብተሩ የነገረኝ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን እንደ ዓመት ሂሳብ ዘጋሁት። ያላሰብኳቸው ነገሮች ወጡ።

አንደኛው እንቅልፍ ነው። መሥሪያ ቤታችን የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ላፕቶፕ ላይ እቀመጣለሁ። ከ5 ሰዓት በታች በተኛሁ ማግሥት ልቤ የማይዘልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ቡናም እዚህ ላይ እጁ አለበት። በጠዋትና በምሳ ሰዓት የጠጣሁት ምንም አላደረገኝም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የጠጣሁት ግን እንቅልፌን እየነሣ በተዘዋዋሪ መንገድ ይመታኛል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ፍልሰታ ሲገባ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ፣ በተቻለኝ ቀን ሁሉ አስቀድሳለሁ። እስከ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ከቅዳሴ ወጥቼ በባዶ ሆዴ መጀመሪያ የማገኘው ቡና ነው። በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ ያለው መስመር በሙሉ በቀይ ተሞልቷል። ከሥራ ቀን ውጥረት ጋር አያይዤው ነበር፤ ለካስ በእረፍት ቀንም ያው ነው። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያን በሕመምተኛ ላይ እንደማትጨክን ነግረውኝ የሐኪሙን ምክር እንድሰማ አዘዙኝ። አሁን ማታ ማታ በደንብ ውሃ እጠጣለሁ፤ ካስቀደስኩ በኋላ ከቡናው በፊት ውሃና ምግብ እቀድማለሁ።

ሦስተኛው አስገርሞኛል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጉንፋን ይዞኝ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቼ ነበር። ያ ሁለት ቀን ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ የከፋው ነው። ክኒኑን ባቆምኩ በማግሥቱ ጋብ አለ። ማሸጊያውን ለዶክተሩ አሳየኋቸው። አፍንጫን የሚከፍቱ ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች የደም ሥርን የሚያጠብና ልብን የሚያነቃቃ ነገር እንዳለባቸው፣ የልብ ምት መዛባትም ሆነ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ መውሰድ እንደሌለበት ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤት ስገባ በመጀመሪያ የምናገረው ስለ ልቤ ነው።

በግራ ጎን መተኛትስ? እሱ ምቱን እንደማያመጣው፣ ልብን ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚያስጠጋ ግን ይበልጥ እንዲሰማኝ እንደሚያደርግ ተረዳሁ። በቀኝ ጎኔ መተኛት ለመድኩ።

አራተኛው ደግሞ ምንም ነው። በደንብ ተኝቼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ደስ ብሎኝ በዋልኩበት ቀንም የሚመጣ አለ። ከተመዘገበው ሁሉ ሢሶ ያህሉ ምንም ምክንያት አላገኘሁለትም። ሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ ያልተወራረደ ነገር ገጹ ላይ ትቶ ደብተር መዝጋት ከባድ ነው። ግን ዘጋሁት።

የአባዬ ካርድ

ደብተሩ ላይ በኋላ የጨመርኩት አንድ መስመር ነበር፦ «ምን እያሰብኩ ነበር?» የሚል። ሌሊት ሌሊት በመጣብኝ ቁጥር የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ።

አንድ እሑድ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ቤት ቀረሁ። ሲኒዎቹን እያጠበች ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኖ ነው የሞተው?»

«ልቡ ነው አላልኩሽም?»

«ልቡ ምን?»

እጇን በጨርቅ አድርቃ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ጠርዙ የተበላ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ካርድና ግማሹ ያልተበላ የክኒን እሽግ ነበር። አባዬ የደም ግፊት ነበረበት። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ተነግሮት መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ጥቂት ወር ወሰደና «ምንም አያመኝም፤ ጤነኛ ሰው ክኒን አይበላም» ብሎ ተወው። እናቴ ለመነችው። እምቢ አለ። ለሰው እንዳትናገርም አስማላት።

«ለእናንተስ ምን ብዬ ልንገራችሁ? እንዳትፈሩ ብዬ ነው» አለችኝ። «ደግሞ እኔ ነኝ ያላስገደድኩት እያልኩ...» አልጨረሰችውም። 22 ዓመት ብቻዋን ይዛው የኖረችውን ያን ቀን አየሁት። አቅፌያት ብዙ ቆየን።

ካርዱን ለዶክተሩ ወሰድኩላቸው። አባቴን ምን እንደገደለው አሁን በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል ነገሩኝ፤ ያልታከመ የደም ግፊት ግን ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ልብንም አንጎልንም ኩላሊትንም እንደሚጎዳ አስረዱኝ። ግፊቴን ለኩኝ። 134 በ86። ገና መድኃኒት የሚያስጀምር አልነበረም፤ ከ120 በ80 በታች ቢሆን ግን ይመረጣል። «ያንቺ የሚዘል ምት ያስጮኻል እንጂ ብዙ አይጎዳም» አሉኝ። «የሚጎዳው ዝም የሚለው ነው። ወንድምና እህት አለሽ?»

አሉኝ። ታላቅ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው፤ ሐኪም ቤት አይወድም፤ መልኩም ጸባዩም አባዬን ነው። ካርዱን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ይዞት ቆየና «መቼ እንሂድ?» አለኝ። ሲለካ 168 በ104 ሆነ። በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ነው። ምንም የሚሰማው ሕመም አልነበረም። አሁን መድኃኒት ጀምሯል፤ ጨው ቀንሷል፤ ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ይራመዳል። ክኒኑን መዋጡን በየጠዋቱ በስልክ የምትጠይቀው እናታችን ናት። በዚህ ጉዳይ ማንም ሊያስምላት አይችልም።

አሁን

ልቤ አሁንም ይዘላል። መድኃኒት አልጀመርኩም፤ በየዓመቱ እንድታይ ቀጠሮ አለኝ። ሲመጣ አንጓዬን አልይዝም። ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፤ ውሃ እጠጣለሁ፤ የጀመርኩትን እቀጥላለሁ። ትልቋ ልጄ አንድ ቀን ደረቴ ላይ ተኝታ ሳለ ሰማችውና ቀና ብላ አየችኝ። «የእማዬ ልብ አንዳንዴ ይቸኩላል፤ ሐኪም አይቶታል» አልኳት። ተመልሳ ተኛች። እኛ በልጅነታችን የተነፈግነው እንዲህ ያለ አጭር መልስ ነበር።

እናንተም ልባችሁ የሚዘል ከሆነ ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ሞትኩም አትበሉ። ተመርመሩ። ራስ የሚያስት፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት፣ ሥራ ስትሠሩ የሚብስ፣ ወይም በፍጥነት እየመታ አልቆም ያለ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ከቤተሰባችሁ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። ምን ሆኖ እንደሞተ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ የሚያውቀው ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ።

እሑዳችን አልቀረም። ቡናው አሁን ከምሳ በፊት ይፈላል፤ ማታ እንቅልፍ እንዳይነሣኝ እናቴ ራሷ ሰዓቱን ቀይራዋለች። ከረከቦቱ አጠገብ ወንድሜ የገዛው የግፊት መለኪያ ይቀመጣል። አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ሁላችንም ተራ በተራ እጃችንን እንዘረጋለን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ የአባዬን ካርድ ባኖረችበት ላስቲክ ውስጥ ያለችው ትንሽ ደብተር ላይም በእጇ ትጽፈዋለች።